እትዬ በለጡ የቆሙበት መስኮት

ሱቁን ለልጄ ያስረከበው ጉልበቴ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ኖሮ ገና አስብበት ነበር። አንድ ቀን ከዱቄት ማዳበሪያ ላይ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ልጄ ሰናይት ደግፋ አነሳችኝና «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሒሳብ መቀበል ብቻ ነው ሥራሽ» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሒሳቡንም ወሰደችብኝ። ሰው አሁን የሚከፍለው በስልክ ነው፤ እኔ ደግሞ በእጄ ያልዳሰስኩትን ገንዘብ ገንዘብ ነው ብዬ አላምንም። የቀረኝ ሥራ በር ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥና ልጄ ስትሸጥ መተቸት ሆነ። «ለእሱ አትመዝኚ፣ ዋጋ ጠይቆ የሚሄድ ዓይነት ነው» እላታለሁ። ሰውዬው ይሰማል። ይሄዳል። ልጄ ታኮርፋለች።

ከዚያ ወንበር ልታነሳኝ ብላ ይመስለኛል ስለ ድሮው ባቡር የሚያወሩ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያስገባችኝ። «አንቺ ባቡር ጣቢያ ነው ያደግሽው፣ እነሱም ስለ ባቡር ነው የሚያወሩት፤ በቃ እዚያ ተከራከሪ» አለችኝ።

ግሩፑ ውስጥ ያሉት የሾፌር ልጆች፣ አስተማሪዎች፣ አንድ ሁለት የባንክ ሠራተኞችና ባቡር ላይ አንድም ቀን ወጥተው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ከወለንጪቲም ከድሬዳዋም አሉ። ሥራቸው መጠያየቅ ነው። «የድሮው ሐዲድ የሚያርፍበት አግዳሚ ለምን ከእንጨት አልተሠራም?» ምስጥ እንዳይበላው ብረት አደረጉት። «በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ስፋቱ ስንት ነው?» አንድ ሜትር። «ለገሃር የሚለው ስም ከየት መጣ?» ፈረንጆቹ ጣቢያ ከሚሉበት ቃል። መልሱን ቀድሞ የጻፈ የአውራ ጣት ምልክት ይሰጠዋል። እኔ በዚያ ሐዲድ ላይ ሳፋ ተሸክሜ ስመላለስ ኖሬ ስፋቱ ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔን ሰው የሚጠይቀኝ እንቁላሉ ስንት ነው ብሎ ነው።

የግሩፑ ኃላፊ ያሬድ ይባላል። እዚሁ አዳማ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል፤ ያውም ጎበዝ ነው፣ የእኔን የላይኛውን የሠራልኝ እሱ ነው። ከሥራ ክፍሉ ጀርባ ባለው ጓዳ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የድሮውን የናዝሬት ባቡር ጣቢያ አሳንሶ ሠርቶታል። ግድግዳው የመንጋጋ ልክ የሚወሰድበት ጀሶ ነው። ጣሪያው፣ ደወሉ፣ ዛፎቹ፣ የመንገደኛው ባቡር ከነፉርጎዎቹ፣ ሁሉም አለ። ጠርቶኝ ሄድኩና አየሁት።

«እህስ እማማ አስካለ፣ ይመስላል?»

«ይመስላል። ሰው ሁሉ አልቆ ባቡሩ ብቻ የተረፈ ዕለት እንዲህ ይሆን ነበር።»

«እንዴት?»

«ባቡሩ ቆሟል አይደል? ታዲያ ሻጩ የት አለ? ይኼ ባቡር እኮ እዚህ የሚቆመው መንገደኛው ገዝቶ እንዲበላ ነው።»

ሳቀና አንድ ሕግ እንዳላቸው ነገረኝ። ሞዴሉ ላይ በስም የሚቀመጥ ሰው ወይ አንድ ፎቶ ይኖረዋል፣ ወይ ሁለት የዓይን ምስክር። «አለዚያ ሁሉም የአክስቴን ቤት ጨምርልኝ ይለኛል» አለ። የሚለውም አለ አሉ። ጣቢያ ሹሙ ፎቶ ስላላቸው በር ላይ ቆመዋል፣ ከእግራቸው ሥር ስማቸው ተጽፏል። ደወሉ ሳይቀር ማብራሪያ አለው። ሻጮቹን በተመለከተ አንዲት ደብዛዛ ፎቶ አለችው፤ ሳፋ እንጂ ፊት አይታይባትም።

«እኔ እትዬ በለጡን በስማቸው እፈልጋለሁ» አልኩት።

ያሬድ እትዬ በለጡ ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ ማንም አያውቅም። ልጅ አልነበራቸውም። ፎቶ ቢባል አንዲት የቀበሌ መታወቂያ ነበረቻቸው፣ እሷም አብራቸው ጠፋች። ያን ጣቢያ የሚያስታውሱ ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። እኔ ስሄድ ደግሞ የሚሄደው ሁሉ ነው። ሞዴሉን ያዘዘው የሾፌር ልጅ የሆነ ፔንሲዮን ያለው ሰው ነው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ሊያስቀምጠው መስታወት ሠሪ ቀጥሯል። መስታወቱ ቅዳሜ ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ በኋላ አይከፈትም።

«ሌላ በሕይወት ያለ ሻጭ አለ?» አለኝ ያሬድ።

«አለች» አልኩት። ከዚያ ሻይ አምጣልኝ አልኩት፣ ስለ እሷ ማውራት ስላልፈለግሁ።

ስለ እትዬ በለጡ ግን ላውራ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያው ነው።

እናቴ የጣቢያው ሠራተኞች ልብስ ታጥብ ነበር፤ እኔ ትምህርቴን ሳልገፋበት ወደ ጣቢያው ገባሁ። እትዬ በለጡ እንቁላልና ብርቱካን ይሸጡ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ሲሄዱ የማይሰሙ፣ ሲናገሩም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። መስኮት ሥር ሲጮህ የሚውለው ሻጭ መሃል ዝም ብለው ሳፋቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሰው ጩኸቱን ትቶ ወደ እሳቸው ያጎነብሳል።

ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ዓይኔን ነው። «ዓይንሽ ከመስኮቱ አይውረድ። ወደ ጎን ካየሽ ጓደኛሽ ስንት እንደሸጠች መቁጠር ትጀምሪያለሽ። እሱን ስትቆጥሪ ባቡሩ ይሄዳል» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ባቡር ከቆመ በኋላ እኔ ሰማይና መስኮት እንጂ ሌላ ነገር አላይም። መስኮቱ ላይ እጁን ያሳረፈ ይገዛል፤ ክንዱን አጣጥፎ ቁልቁል የሚያይ ጊዜ ያባክናል። ልጅ የታቀፈች ትገዛለች፣ ግን ሳታስቀንስ አትለቅሽም። ወታደር አይከራከርም፣ መልሱን ግን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

መልስ የሚሰጡበት መንገድ ከማንም የተለየ ነበር። ሌላው ሻጭ ብሩን ተቀብሎ መልስ ይፈልጋል፤ ባቡሩ ይነሳል፤ ወይ ሻጩ መልሱን ይዞ ይቀራል፣ ወይ መንገደኛው ብሩንም እንቁላሉንም ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ እርግማን ነው። እትዬ በለጡ መልሱን ከግራ እጃቸው አስቀድመው ነው የሚሰጡት። ለየትኛው ብር ስንት እንደሚመለስ እጃቸው ላይ ከፍለው ይዘውታል። «መልሱን እጁ ላይ ያየ ሰው ብሩን ራሱ ይለቅልሻል። ሰው የሚጨነቀው እንዳይቀርበት ነው» ይሉ ነበር። ጨውና ሚጥሚጣው ደግሞ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጠው ለሁለት እንቁላል በሚበቃ ልክ ነው። አንድ የገዛ ሰው ጨው ይተርፈዋል። ጨው የተረፈው ሰው ሁለተኛ ሊገዛ ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ይህን በኋላ ሱቅ ከፍቼ እንኳ በብዙ ዕቃ ሞክሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቦታም ሰጡኝ። «አንቺ የባቡሩ ራስ በኩል ነሽ» አሉኝ። ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የእኔ ሆነ። ድምፁ ያደነቁራል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ግን እዚያ ያለው ሰው ቁርስ ሳይበላ የተሳፈረ ነው። ባቡሩ ሲገባ አጠገቤ ይቆማሉ፣ ሳፋቸው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ አንድ ሁለት መስኮት ሸጠው ያሳዩኝና ይጠፋሉ። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ባዶ ሳፋ ይዘው ይመጣሉ። ከደወል መቺው ጋር ሊጫወቱ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። መስኮቱን ለእኔ ለቀው ይሄዳሉ፣ ይህች ልጅ ትልመድ ብለው ነው እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር። የእሳቸው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት።

በባቡሩ ጅራት በኩል ሞሚና የምትባል ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የሰፈሩ ናቸው። ጎበዝ ነበረች፤ ይህንንም የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው፣ የያሬድን ጥርስ። የእትዬ በለጡን አሻሻጥ ከሩቅ እያየች የቀዳች ይመስለኝ ነበር።

ስለ ግብርና ስለ ንግድ ፈቃድ ብዙ አልጽፍም፤ ከፍያለሁ፣ ተከራክሬያለሁ፣ ደግሜ ከፍያለሁ። ከእንቁላል በኋላ ወደ አትክልት ገባሁ። የቆቃና የወንጂ አካባቢ ቲማቲም በባቡር ወደ ድሬዳዋ መጫን ጀመርኩ። ለባቡር የሚጫን ቲማቲም ገና ጉንጩ መቅላት ሲጀምር ይለቀማል፣ መንገድ ላይ ይበስላል፣ ሲደርስ ልክ ይሆናል፤ ባቡሩ በሰዓቱ ከሄደ ማለቴ ነው። ሞሚናም ይኸንኑ ጀመረች። በአንድ ባቡር እየተጓዝን፣ በአንድ ገበያ እየሸጥን፣ እህል ውኃ አብረን ሳንቀምስ፣ በትህትና ብቻ ሰላም እንባባል ነበር።

አንድ ጊዜ መተሐራ ስንደርስ ቆምን። ከሐይቁ የወጣ ውኃ ሐዲዱን ነክቶታል ተባለ። «ዛሬ ማታ እንሄዳለን» አሉ። ማታ «ነገ» አሉ። የእኔ ቲማቲም ሌባ እንዳይነካው ብዬ ዝግ ፉርጎ ውስጥ ያስገባሁት ነው፤ የመተሐራን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ሞሚና ሳጥኖቿን አወረደችና ለተቀመጠው መንገደኛ፣ ከዚያም ለከተማው ምግብ ቤቶች መሸጥ ጀመረች። በምን ዋጋ? ከገበሬው ከተገዛበት በታች።

ሄጄ ጮህኩባት። «አንቺ ዋጋ እየሰበርሽ ነው! ነገ እኔ በስንት ልሸጥ ነው?»

«ነገ ቲማቲም የለሽም አስካለ። ወላሂ፣ ክፈቺና እዪው።»

«ባቡሩ ነገ ይነሳል ብለዋል።»

«ትናንትም ብለዋል። እኔ ዋጋ ሰበርኩ፣ አንቺ ቲማቲም ልትሰብሪ ነው።»

አልከፈትኩትም። ዋጋዬን ይዤ ጠበቅሁ። ፉርጎው ሲከፈት ሽታው መጀመሪያ ወጣ፣ ከዚያ ፈሳሹ፣ ከዚያ ዝንቡ። ሳጥኖቹ ከሥር ያንጠባጥቡ ነበር። የከተማው ሰው የሞሚናን ቲማቲም በልቶ ጠግቧል፤ የእኔን ለማስጣል ለሠራተኛ ከፈልኩ። ያ ቲማቲም የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የእናቴ የጆሮ ወርቅም ተሸጦ ውስጡ ገብቶበት ነበር።

ናዝሬት ስመለስ እትዬ በለጡ ስለ ቲማቲሙ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ሳጥኑ ነው።

«ባዶ ሳጥኖቹን ይዘሽ መጣሽ?»

«ይዣለሁ።»

«ታጥቦ ይሸጣል። ነገ ጠዋት እንቁላል ቀቅዬ እጠብቅሻለሁ።»

ቀቅለው ጠበቁኝ። ሳፋውን ራሴ ላይ አስቀመጡልኝና «ያቺ ሞሚና ሸጠች አሉኝ» ብለው ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ያን ጊዜ አልወደድኩትም። ከሞሚና ጋር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቃል አልተለዋወጥንም። እትዬ በለጡ ሲያርፉ እንኳ ለቀብር ሁለታችንም ሄደን፣ እሷ በወዲያ እኔ በወዲህ ቆመን ነው የተመለስነው።

ቀሪው የሥራ ዘመኔ በጎማ ነው ያለፈው። ባቡሩ እየዘገየ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ቀረ። እኔ በኤፍ ኤስ አር መኪና ከሻሸመኔ ድንች፣ ከአርሲ ነገሌ ስንዴ እያመጣሁ አዳማ አራገፍኩ፣ ሱቅም ከፈትኩ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ደስ ብሎኝ ሄጄ አየሁት። ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም። «እንቁላል እንዴት ነው የሚገባው?» ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው «እናት፣ ይኼ አየር ማቀዝቀዣ አለው» አለኝ። በዚያ ዘመኔ እንዳበቃ ገባኝ፤ ዘመኔ ሲያበቃ ደግሞ ማቀዝቀዣ አላማረኝም።

እንግዲህ ወደዚያ ሳምንት ልመለስ። ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ ወደ አርሲ ነገሌ ወጣሁ። ሞሚና እዚያ እህል የሚነግድ ልጇ ጋር እንደምትኖር ከስንዴ ዘመኔ ጀምሮ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ በዚያ መጋዘን በር አልፌ ከጎረቤቱ ገዝቻለሁ። ሰናይት «ጉልበትሽስ?» ስትለኝ «እሱም አብሮኝ ይሄዳል» አልኳት።

የልጇ ሚስት «አካም ጅርቱ» ብላ ተቀበለችኝና ከስንዴ ክምሩ ጀርባ ወዳለው ግቢ ወሰደችኝ። ሞሚና ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና አለች። ለሰላምታ አልተነሳችም፣ ግን ምስሩን አስቀመጠች።

«አስካለ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ወፍረሻል።»

«አንቺ ደግሞ አጥረሻል።»

«ሞቼ እንደሆነ ልታዪ ነው የመጣሽው?»

«ሞተሽ ቢሆን በስልክ ይነግሩኝ ነበር። ምስክር ፈልጌ ነው።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፦ ጥርስ ሠሪውን፣ ጣቢያውን፣ ሁለት ምስክር የሚለውን ሕግ፣ ቅዳሜ የሚለጠፈውን መስታወት። እትዬ በለጡን ስጠራ ምስሩን ከፊቷ ገፋችው። ከዚያ ውስጧ ያለችው ነጋዴ ተመለሰች።

«እመሰክራለሁ። ግን የመተሐራውን ሳልሰማ አይሆንም።»

«ምኑን?»

«ልክ ነበርሽ በይኝ።»

«አልልም። ዋጋ ሰብረሻል።»

«ታዲያ ሚኒባስሽ እንዳያመልጥሽ።»

«ቆይ። ዋጋ ሰብረሻል፤ ግን ሸጠሻል።»

«ጨምሪ።»

«እኔ ዋጋዬን ይዤ ጠበቅሁ፣ ለማስጣልም ከፈልኩ።»

«እሱን አውቃለሁ፣ ሽታው እኔ ጋ ደርሷል። ጨምሪ።»

«እትዬ በለጡ ‹ሞሚና ሸጠች አሉኝ› ሲሉ ስላንቺ ፈገግ ብለዋል። ከዚህ በላይ ሳንቲም አልጨምርም።»

ሞሚና ይህን አልጠበቀችም። «ስለ እኔ ፈገግ አሉ?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና «እሺ፣ ለዛሬ ይሁን። የት ነው የማቆማቸው?»

«ከሞተሩ ቀጥሎ፣ የመጀመሪያው ፉርጎ መስኮት ሥር።»

«እንዴ! ምን አገናኛቸው? እትዬ በለጡ የጅራቱ ናቸው። የመጨረሻው ፉርጎ።»

«ሞሚና፣ አጠገቤ ነበር የሚቆሙት። እኔን ያስተማሩት እዚያ ነው።»

«አንቺን? እኔን እኮ ነው ያስተማሩት!»

ተያየን። ሁለት አሮጊቶች አንድ እናት ላይ ሊጣሉ ነው። የልጇ ሚስት ሻይ ልታቀርብ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«በይ ንገሪኝ፣ እንዴት ነበር የሚያስተምሩሽ?» አልኳት።

«ባዶ ሳፋ ይዘው ይመጡ ነበር። ከቤት ለቤት ሽያጭ የሚመለሱ ነበር የሚመስለኝ። ከእኔ ሳፋ እንቁላል እያነሱ ይሸጡልኛል። መልሱን አስቀድመው፣ ጨዉን ለሁለት አድርገው። በራሴ እንቁላል ነው ያስተማሩኝ።»

«ባዶ ሳፋ?»

«ባዶ። ሁልጊዜ።»

«ባቡሩ ሲገባ እኔ ጋ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር።»

ያን ጊዜ ለሁለታችንም ገባን። ባቡሩ ሲገባ ከራሱ ይጀምራሉ፣ በየመስኮቱ እየሸጡ ወደ ጅራቱ ይወርዳሉ፣ እዚያ ሲደርሱ ባዶ ናቸው። እኔ ሲነሱ አየኋቸው፣ እሷ ሲደርሱ። መሃሉን ሁለታችንም አላየነውም፤ ዓይናችሁ ከመስኮቱ አይውረድ ብለውን።

«አንቺንም ወደ ጎን አትዪ ብለውሻል?» አለችኝ።

«ብለውኛል።»

«ያ አላህ» አለች ሞሚና፤ «ሁለት ሱቅ ከፍተው በመሃል ግድግዳ ሠርተው ሄዱ።» ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ ብቻ ነው የምለው፤ እንባውን አልጽፈውም።

ማታውኑ ነገሩን ለግሩፑ በድምፅ ላክነው። ነገሩ አላለቀም። አንድ የድሬዳዋ ሰው ጥሩ ጥያቄ አነሳ። «ሙሉ ሳፋ የያዙትና ባዶ ሳፋ የያዙት ሁለት የተለያዩ ሴቶች ቢሆኑስ? ስም የሚመሳሰል ሞልቷል» አለ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ሰውዬው ልክ ነው፣ እኔም ዕቃ ስረከብ እንዲሁ ነው የምጠራጠረው። ያሬድ ለሁለታችን ለየብቻ ደውሎ ከዚያ በፊት ለግሩፑ ያልነገርነውን ጠየቀን፦ ሲሸጡ ምን ያደርጉ ነበር? እኔ መልሱንና ጨዉን ነገርኩት፣ ሞሚናም መልሱንና ጨዉን። የድሬዳዋው ሰው የአውራ ጣት ምልክት ላከ። ሴትየዋ አንድ መሆናቸው ጸና።

ቦታው ግን አልጸናም። ለባቡሩ ራስ አንድ ምስክር፣ ለጅራቱ አንድ ምስክር ነው ያለው፤ ሕጉ ሁለት ይላል።

ቅዳሜ ሞሚና በልጇ መኪና አዳማ መጣች። ያሬድ ጓዳ ስንገባ መስታወት ሠሪው መስታወቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ማጣበቂያውን ይዞ ይጠብቃል፤ ፔንሲዮን ያለው ሰውም አብሮት ቆሟል። ያሬድ እትዬ በለጡን ከጥርስ ፕላስቲክ ሠርቷቸዋል፤ የጣት ጥፍር ያክላሉ። ሳፋ ራሳቸው ላይ አለ። ሞሚና መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና «ቀጫጫ ነበሩ፣ ልክ ነው» አለች።

«እማማ አስካለ፣ እኔ አንዲት ሴት ነው የሠራሁት፤ ሁለት ቦታ ላቆማቸው አልችልም። የትኛው ይሁን? አንዳችሁ ምስክርነታችሁን ካልተዋችሁ…»

ሞሚና አየችኝ። እኔ የምለውን አውቄ ነው የመጣሁት።

«መሃል ላይ» አልኩት።

«መሃል ላይ ያያቸው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ሕጉስ?»

«ስማ ልጄ፣ እኔ ከራሱ ሲነሱ አይቻለሁ። እሷ ጅራቱ ጋ ሲደርሱ አይታለች። በመሃል በአየር አልበረሩም። እንደሄዱ ሁለታችንም ምስክር ነን። ቆመው አይደለም የምታደርጋቸው፣ እየሄዱ ነው።»

ያሬድ ስልኩን አነሳ፣ ለግሩፑ ጻፈ። መስታወት ሠሪው ሰዓቱን አየ። ሞሚና ፔንሲዮን ያለውን ሰው «መስታወቱ ትንሽ ይጠብቃል፣ እኛ ብዙ ጠብቀናል» አለችው። መልስ አንድ በአንድ መጣ። የሾፌር ልጆች ተስማሙ። ከወለንጪቲ አንዱ «ሳፋው ግማሽ ይሁን» ብሎ ጻፈ። ያሬድ በጥርስ መቅረጫው ጫፍ ከሳፋው ላይ እንቁላሎቹን በግማሽ ቀነሰ። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ከጥርሴ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ።

በመቆንጠጫ ይዞ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ፉርጎ መሃል አወረዳቸው።

«ፊታቸው ወዴት ይሁን?» አለ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ወደ እኔ ይሁን ማለት አማረኝ። ግን ወደ እኔ የሚመጡት ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው፤ እዚህ ባቡሩ ገና ቆሟል።

«ወደ ጅራቱ» አልኩት። «ወደ እሷ ነው የሚሄዱት።»

ሞሚና እጄን ያዘችኝ፤ እጇ እንደ ድሮው ሸካራ ነው።

መስታወቱ ተለጠፈ። ከሥሩ «እትዬ በለጡ፣ እንቁላልና ብርቱካን ሻጭ» ተጽፏል። እኔ የራሱ በኩል ቆሜ ሳያቸው የማየው ጀርባቸውን ነው። ይሁን። እኔ ጋ ሸጠው ጨርሰው፣ መልሱን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ሌላ መስኮት የሚጠብቃቸው ሴት ጀርባ ነው።